ሲስተርን እንጠይቅ፦ «ልጅሽ 24 ሳምንት ሆነው» የሚለውን ሜሴጅ ማነው የሚልከው?

ሰላም ናችሁ ወይ። ባለፈው ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል ስጽፍ መጨረሻው ላይ «አሁንማ በስልክ የሚመክሩም አሉ» ብዬ ጣል ያደረኳት አንዲት መስመር ይሄን ሁሉ ጥያቄ ትጎትታለች ብዬ በጭራሽ አልጠበኩም። አራቱን መርጫለሁ፣ ረጃጅሞቹን ቆረጥ ቆረጥ አድርጌያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከጆበርግ ወጣ ብሎ ሎኬሽን (የከተማ ዳር ሰፈር) ውስጥ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ እርጉዝ ናት፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የመንግስት ክሊኒክ ሄዳ ነርሷ ስልኳን ተቀብላ የሆነ ነገር ነካ ነካ አድርጋ መለሰችላት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ሜሴጅ ይገባል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ነኝ የማነብላት። እዚህ ሀገር ደግሞ ሌባው ብዙ ነው፣ ሽልማት ደረሰህ ብሎ ባንክህን የሚያራቁት ሁሉ አለ። ወረቀታችንም ገና ነው፣ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቀን እየጠበቅን ነው። ይሄ ነገር ኢሚግሬሽን ጋ ይደርስ ይሆን? ካርድስ ይበላል? ብሎክ ላድርገው?

መልስ፦ ብሎክ እንዳታደርገው ወንድሜ። ከነገርከኝ ተነስቼ ሳየው ይሄ ማምኮኔክት የሚባለው ነው። የደቡብ አፍሪካ ጤና ሚኒስቴር በፈረንጆቹ ነሐሴ 2014 ነው የጀመረው፣ ያኔ ሚኒስትሩ ዶክተር አሮን ሞትሶአሌዲ ነበሩ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እርጉዝ ሴቶች ተመዝግበውበታል። ስለዚህ ሰፈርህ ያሉት ሴቶች አብዛኞቹ ያውቁታል፣ ከሱቅህ ዳቦ የምትገዛውን ልጅ ያዘለች ሴትዮ ጠይቃት፣ እሷው ትነግርሃለች።

ነርሷ ነካ ነካ ያደረገችው ምን መሰለህ፣ እኛ ሀገር ሂሳብ ለማየት እንደምንደውለው ያለ ኮድ ነው፣ ኮከብ 134 ኮከብ 550 ብሎ የሚጀምር። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ያቺ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆየው ባለ ቁልፍ ስልክም ትበቃዋለች። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ስልክ ቁጥር፣ መታወቂያ ወይ ፓስፖርት፣ ሁለቱም ከሌለ የልደት ቀን፣ መውለጃዋ መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትፈልግ። ቪዛሽ ምንድነው የሚል ጥያቄ የለበትም፣ የጤና ሚኒስቴር ስራ ነው። ለእናትየው ነጻ ስለሆነም ካርዷን አይነካም። ቋንቋው 11 ነው፣ ዙሉ አለ፣ ኮሳ አለ፣ ሶቶ አለ፣ አማርኛ ግን የለም፣ እሱን አንተው ትችለዋለህ።

እዚህ ጋ ከሁሉም ዋናው የመውለጃ ቀኗ ነው። ሲስተሙ ከዛች ቀን ወደኋላ እየቆጠረ ነው የሚልከው፣ ሁሉም ሴት ሰኞ ሰኞ አንድ ዓይነት ሜሴጅ አታገኝም። ባለቤትህ 24 ሳምንት ሲሆናት የ24 ሳምንቷ ይመጣላታል፣ ጎረቤቷ 36 ከሆነች ለሷ ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ማን እንደሚወስድሽ ከአሁኑ ተነጋገሩ ይላታል፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ ስለ ጡትና ስለ ክትባት እያለ ይቀጥላል። ቀኑ ተሳስቶ ከተመዘገበ ግን ሁሉም ነገር ይዛነፋል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ክትትሏ «የመዘገባችሁላት ቀን ትክክል ነው ወይ» ብላችሁ አረጋግጡ፣ በዛውም ሜሴጁ ከነሱ መሆኑን ነርሷን መጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ይሄ ነገር መልስም ይቀበላል። ሜሴጅ ልካ መጠየቅ ትችላለች፣ «እግሬ አብጧል፣ ጤነኛ ነው ወይ» ብትል ሄልፕ ዴስክ የተቀመጠ ሰው ይመልስላታል። ቅሬታም ይሰማሉ፣ ክሊኒክ ውስጥ ጮኹብኝ ወይ መድኃኒት አልቋል ተባልኩ የሚል ሜሴጅ ይመዘግባሉ፣ ያመሰገነም ይመዘገባል። ከ2017 ጀምሮ ዋትሳፕም ጨምረውበታል። ለኔ የፕሮግራሙ ጥሩ ጎን ይሄ ነው፣ ምክርማ ግድግዳ ላይ ፖስተር ለጥፎም ይሰጣል።

ሌባውን በተመለከተ ፍርሃትህ ትክክል ነው፣ መለያውም ቀላል ነው፦ ገንዘብ፣ የባንክ ፒን፣ «ይህን ተጭነህ ክፈል» የሚል ነገር ከመጣ ማምኮኔክት ነኝ ቢልህም አትመነው። አንዲት ነገር ግን ልለምንህ፣ ስታነብላት እየመረጥክ አታንብብላት። ወንዶች ስትባሉ የሴት ጉዳይ ነው ያላችሁትን በአይናችሁ ታልፉና «ብዙም ምንም አይልም» ትላላችሁ፣ እናውቃችኋለን።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንዴት ነሽ። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ታናሽ እህቴ ግን ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው ያገባችው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ ድረስ መጥታ የወር አበባሽ መቼ ቀረ፣ ስንተኛ እርግዝናሽ ነው እያለች በታብሌት መዘገበቻት። እናታችን ሰምታ ተቆጣች፣ ገና ሳይታይ ሆድ መዝግቦ መሄድ ምን ይሉታል ብላ። እህቴም ሜሴጅ ይመጣልኛል ብላ ስትጠብቅ እስካሁን ምንም የለም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ከጆበርጉ ይለያል። በሞባይል ለእናቶች የሚሰራ ፕሮግራም ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው እናትየው ስልክ ላይ የሚገባ ሜሴጅ ነው፣ የእህትሽ ግን ስልኩ የእናትየዋ ሳይሆን የባለሙያዋ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ኤክስቴንሽኖቹ የየቤቱን ነገር የሚጽፉበት የቤተሰብ ማህደር የሚባል የወረቀት ፎልደር መጣላቸው፣ ጤና ኬላው ውስጥ ሳጥን ላይ ተደርድሮ ታዪው ነበር፣ አይጥ የበላውም አለ። አሁን እሱን ነው ወደ ታብሌት ያዛወሩት። የሚያስታውሰው እህትሽን ሳይሆን ኤክስቴንሽኗን ነው፣ «እገሊት ክትትሏ ደርሷል፣ እገሊት አልመጣችም፣ ያቺኛዋ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች» ብሎ ዝርዝር ያወጣላታል። ሁለት ሆነው አንድ ቀበሌ ለሚዞሩ ኤክስቴንሽኖች፣ አንድ ቀበሌ ደግሞ 5 ሺ ሰው ገደማ ነው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ በጭንቅላት የሚያዝ አይደለም።

ሩዋንዳ በ2009 የጀመረችው ራፒድ ኤስኤምኤስ የሚባለውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሰራው፣ የመንደሯ ጤና ሰራተኛ እርጉዟን በሜሴጅ ታስመዘግባለች፣ አደጋ ካየች አጭር ኮድ ትልካለች፣ ጤና ጣቢያው በዛ ይነቃል። እናትየው ስልክ ባይኖራትም ምንም አይጎድልባትም።

የእናታችሁን ቁጣ እኔ አልስቅበትም። ስንቱን ገጠር ስዞር «እርጉዝ ነሽ?» ስትያት «ኧረ እኔንጃ» የምትል የስድስት ወር ሆድ ይዛ ነው፣ ዓይን ይፈራል፣ ሰው ሳያውቀው ይጽና ይባላል። ችግሩ ፕሮግራሙ የተሰራው ከ12 ሳምንት በፊት ትታወቃለች ተብሎ ነው፣ ክትትሉም ከዛ ነው የሚጀምረው፣ የደም ማነስ ኪኒኑም፣ የግፊት ልኬቱም። እናታችሁን «ለኤክስቴንሽኗ ብቻ ነው የተነገረው፣ ለሰፈር አይደለም» በያት፣ ኤክስቴንሽኗንም ሰው በተሰበሰበበት እንዳትጠይቃት በቀስታ ንገሯት፣ ይሄን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ መውለጃ ቀኗ ልመለስ፣ እህትሽ ጋ ደውለሽ ማየት ያለብሽ እሱን ነውና። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሳለሁ አንዷን «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር» ስላት «የጥቅምት ሚካኤል ማግስት» አለችኝ፣ ከዚህ የጠራ መልስ የለም፣ ጥቅምት 13 ነው። በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ሂሳቡ ከፈረንጁ ይቀላል፣ 9 ወር ትጨምሪያለሽ፣ ሐምሌ 13፣ በላዩ 10 ቀን፣ ሐምሌ 23። «በሐምሌ ጊዮርጊስ ትወልጃለሽ» ስላት እየሳቀች ወጣች፣ ይሄን ቀን ማንም አያስረሳትም። ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ ግን 10 ሳይሆን 5 ነው የምትጨምሪው (ጳጉሜ 6 ስትሆን 4)። የካቲት 13 ያየች ኅዳር 18 ላይ ትደርሳለች ማለት ነው።

ታብሌቱ ላይ የሚመጣው ችግር እዚህ ጋ ነው። ጥቅምት 13ን ሰው ቸኩሎ እንደ ፈረንጅ ኦክቶበር 13 ካስገባው የ10 ቀን ስህተት ወዲያው ተፈጠረ፣ ኦክቶበር 13 የኛ ጥቅምት 3 ነዋ። 10 ቀን ትንሽ ይመስላል፣ ግን መውለጃዋ ሲደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ ወይስ ገና ነው የሚለው በዛች 10 ቀን ነው የሚወሰነው። ስለዚህ እህትሽ የትኛው ቀን ነው የተጻፈልኝ ትበል፣ በኛ ነው በፈረንጅ ትበል።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ባህርዳር ነኝ፣ ሶፍትዌር ተመርቄ ከጓደኞቼ ጋር ለእርጉዝ እናቶች የኤስኤምኤስ ሲስተም ልንሰራ ነው። በየሳምንቱ ምክር ይልካል፣ በአማርኛ፣ በኋላ ሌላም ቋንቋ እንጨምራለን። ምን ምን ፊቸር ይኑረው ትያለሽ? ውጤት አለው ወይስ ዝም ብሎ የፈንድ ነገር ነው?

መልስ፦ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ በተለይ የመጨረሻዋን፣ ደፋር ነህ።

መጀመሪያ ይቺን ልንገርህ። ከጤና ጣቢያ ከወጣሁ በኋላ ልክ አንተ የምትለው ዓይነት ፕሮጀክት ውስጥ ሰርቼ ነበር፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ሜሴጁን የምንጽፈው እኛ ነበርን፣ ቁጭ ብለን «ልጅሽ ዛሬ 3 ወር ሞላው፣ አሁን ሲስቅ ታይዋለሽ» እያልን፣ ቆንጆ ቆንጆ አማርኛ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ደወለች። አትጮህም፣ አታለቅስም፣ «እባካችሁ ልጄ የሞተው በ11 ቀኑ ነው፣ በየሳምንቱ ታስታውሱኛላችሁ፣ እንዴት ነው የሚጠፋው?» አለችኝ። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ቢሮው ውስጥ ያለ ማንም አያውቅም፣ የማስቆሚያ መንገድ አልተሰራለትም፣ ኮምፒውተሩ ጋ ያለውን ልጅ ለምኜ በእጅ አስጠፋሁላት። ስለዚህ ፊቸር ካልከኝ አንደኛው ማቆሚያ ነው፣ ከመላኪያው በፊት እሱን ስራ። ደቡብ አፍሪካዎቹ ይሄን አስበውበታል፣ ሴትየዋ ልታቆም ስትል ለምን እንደሆነ ይጠይቃታል፣ ጽንሱ ወርዶባት ወይ ልጁ አርፎ ከሆነ የማጽናኛ ሜሴጅ ትፈልግ እንደሆነ ያማርጣታል።

ውጤት አለው ወይ ላልከው፣ አለው፣ ግን ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ማየት ነው። ዛንዚባር ላይ በ2009 እና 2010 የተሰራ ጥናት አለ፣ 24 ጤና ተቋማት፣ 2,550 እርጉዞች። ግማሾቹ ተቋማት ላይ ያሉት ሜሴጅ ደረሳቸው፣ በላዩ ላይ ግን አዋላጇ ጋ የሚደውሉበት ካርድም ተሰጣቸው። በሰለጠነ ሰው እጅ የወለዱት ከነሱ 60 በመቶ ሆኑ፣ ከሌሎቹ 47። 13 በመቶ ልዩነት ማለት በዚህ ሙያ ቀልድ አይደለም። ዝርዝሩን ስታይ ግን ለውጡ የታየው ከተማ ያሉት ላይ ነው፣ ገጠር ላይ ያን ያህል አላመጣም። እኔ አልገረመኝም። ሴትየዋ በስልክ «ሂጂ» ተባለች፣ እሺ ብላ ተነሳች፣ መንገዱስ? ጀልባውስ? ይሄን ሙያተኞቹ ሦስቱ መዘግየቶች ይሉታል፦ ለመሄድ እስኪወሰን፣ እስኪደረስ፣ ከደረሱ በኋላ እስኪታከሙ። ሜሴጅ የመጀመሪያውን ነው የሚገፋው፣ ድልድይ አይሰራም፣ ደም ባንክ ውስጥ ደም አይጨምርም።

ካርዱን ደግሞ አትርሳው። ምክሩ አይደለም ሰዎቹን ያመጣው ብዬ እስከመጠርጠር እደርሳለሁ፣ ስልኩን አንስታ የምትመልስ የምታውቃት አዋላጅ መኖሯ ነው። ሚስድ ኮል ስታደርግ መልሶ የሚደውልላት ሰው ካለህ ግማሹን ሰርተሃል።

ሁለተኛ፣ ማን ያነበዋል? በጽሁፍ ብቻ ከሰራኸው ማንበብ የማትችለዋን ከመጀመሪያው ትተሃታል ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ ይበልጥ የምትፈልገው ናት። ህንድ ኪልካሪ ብላ የሰራችውን እይ፣ በድምጽ ነው፣ በሳምንት አንዴ ስልኩ ይጮሃል፣ «ዶክተር አኒታ ነኝ» የምትል ድምጽ ትመክራለች፣ እውነተኛ ሰው አይደለችም፣ የተፈጠረች ናት። ከአራተኛ ወር ጀምሮ ህጻኑ 1 ዓመት እስኪሞላው 72 መልዕክት። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ሆኖም ማድያ ፕራዴሽ የሚባለው የህንድ ግዛት ላይ ሲጠና የቤተሰብ ምጣኔ ላይ ትንሽ ለውጥ አመጣ እንጂ ጡት ማጥባት ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልታየበትም። አንዱ ምክንያት ለኔ ግልጽ ነው፣ እዛም እንደ እኛ ሀገር ስልኩ የባልየው ነው። ስልኩ ቀን ላይ ሲጮህ እሱ እርሻ ላይ ወይ ስራ ላይ ነው፣ አንስቶ የሴት ድምጽ ሲሰማ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሰዓቱን እናትየው ትምረጥ፣ ማታ እራት ላይ ሁለቱም ባሉበት ቢሆን እኮ ባልም አብሮ ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ ባሏ ወይ አማቷ እንዲያውቁ የማትፈልገው ነገር አለ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የወሊድ መከላከያ፣ እሱን ሳትፈቅድ በሜሴጅ መላክ ቤቷን ማፍረስ ነው።

ሶስተኛ፣ ቁጥር ይቀየራል። ሲም ይጠፋል፣ ስልክ ይሸጣል፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሄደው ስልክ ነው። ለእርጉዟ ያልከው ምክር ስልኩን ለገዛው ጎረምሳ ሲደርስ ይታይህ። በየተወሰነ ጊዜ «አንቺ ነሽ ወይ» የሚል ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ሌላውን ኮድህ ላይ አንተ ታውቃለህ። ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ የክትባት ቀን ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ ከእናቶቹ ጋር ቁጭ በል፣ ላፕቶፕህን ቤት ተወው። ስንቷ ስልክ እንዳላት፣ ከነዛ ውስጥ ስንቱ ቻርጅ እንዳለው፣ ስንቷ ቁጥሯን በቃሏ እንደምታውቅ ቁጠር። እኔ እንዲህ ያደረኩት ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር እኔ ስልኬ ላይ የእርግዝና አፕ ጭኛለሁ፣ በየሳምንቱ ልጁ የሎሚ ያህል ሆነ የማንጎ ያህል ሆነ እያለ ያሳየኛል፣ ሁሉንም ነገር ይነግረኛል። የመጀመሪያዬ ነው፣ 29 ሳምንቴ ነው፣ ደህና ነኝ። ስራ ስለሚበዛብኝ ክትትሉን ሁለቴ ብቻ ነው የሄድኩት። ይበቃል አይደል?

መልስ፦ አይበቃም የኔ እመቤት። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ማንጎውም ይደግ፣ ግን አፑ ደም ግፊትሽን አይለካም። የእርግዝና ግፊት ደግሞ ክፋቱ ደህና ነኝ እያልሽ ነው የሚወጣው፣ 140 በ90 ገብተሽ ራስ ምታት እንኳን ላይሰማሽ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ የሚለው 8 ጊዜ ነው፦ በ12፣ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40 ሳምንት። አንቺ 29 ላይ ሆነሽ ሁለቴ ከሄድሽ አንዱ አምልጦሻል፣ የ30ው ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቀጠሮውን አሁን ይሄን ገጽ ሳትዘጊ ያዢ።

ከዛ በፊት ግን ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ፣ አይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ አፑን ከፍተሽ አትፈልጊ፣ ቀጥታ ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ቁጥሩን ስልክሽ ላይም ጻፊው፣ ማቀዝቀዣው በር ላይም ለጥፊው፣ ስልክሽ ቻርጅ ሲጨርስ ባልሽ በየት ያገኘዋል።